«ተራ ነው» ማለትን እንዴት መተው ይቻላል

ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። 17 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት አማርኛ አስተምር ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ስረከብ ከጠረጴዛዬ ጀርባ አንድ የብረት ቁም ሳጥን አገኘሁ። ውስጡ የፍቅር ልብ ወለዶች፣ የስለላ ትርጉሞች፣ የወንጀል ታሪኮች ነበሩ። ከተማሪ የተነጠቁም አሉበት። መደርደሪያ ላይ የሚወጡት «ቁም ነገር ያላቸው» ብቻ ነበሩ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፉን ኪሴ ይዤ ጠብቄዋለሁ።

አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ከዚያ ከተቆለፈው አንድ ይስጡኝ» አለኝ። እምቢ አልኩት። በምትኩ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ሰጠሁት። በማግስቱ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ቤተ መጻሕፍት አልመጣም። ከወራት በኋላ መናኸሪያ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ረዳትነት እየሠራ ነው። ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ፣ ሽፋን የሌለው የስለላ መጽሐፍ ያነባል። መኪናው ሞልቷል። ሾፌሩ ስሙን እየጠራ ይጮኻል። ልጁ አልሰማም።

እንደዚያ ተመስጦ የሚያነብ ተማሪ እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ልጁን ያባረርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን እጽፋለሁ። መምህር ለሆናችሁ፣ ወላጅ ለሆናችሁ፣ ወይም ዝም ብላችሁ ጥሩ መጽሐፍ ለምትወዱና የሌላው ሰው ምርጫ ለሚያናድዳችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ንቀቱን ማን እንዳስተማራችሁ አስታውሱ

ወረቀት አውጡ። የምትንቋቸውን የታሪክ ዓይነቶች በሙሉ ጻፉ። የኔ ዝርዝር ይህ ነበር፦ የቱርክ ድራማ፣ የህንድ ፊልም፣ የፍቅር ልብ ወለድ፣ የስለላ መጽሐፍ፣ የሬዲዮ ድራማ፣ በስልክ የሚሰማ ትረካ፣ የካርቱን መጽሐፍ።

ከእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ ከዚህ ዓይነት አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበባችሁት ወይም ያያችሁት መቼ ነው? ሁለተኛ፣ የምታውቁት ማን ይወደዋል?

እኔ ከሰባቱ ጨርሼ የማውቀው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የስለላ መጽሐፍ። እሱንም በልጅነቴ ነው። 8ኛ ክፍል ሳለሁ ከአከራይ በቀን 25 ሳንቲም ተከራይቼ አነብ ነበር። በዚያ ዘመን የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች ያላነበበ የሰፈር ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። አንድ መምህሬ ክፍል ውስጥ ከእጄ ነጠቀኝ። «ይሄ ጊዜ መግደያ ነው» አለኝ። መጽሐፉን አልመለሰልኝም። ዕዳውን ለአከራዩ የከፈልኩት የእናቴን ጎመን ገበያ ወስጄ እየሸጥኩ ነው። ብዙ አለቀስኩ። ታዲያ በዓመቱ ያንኑ ቃል ለታናሽ እህቴ ስናገር ራሴን አገኘሁት። የፍቅር ልብ ወለድ ይዛ ነበር። «ጊዜ መግደያ ነው» አልኳት። ቃሉ የኔ አልነበረም። የተነጠቅኩት ሰው የነጣቂውን ቃል ይዤ ነው ያደግኩት።

ሁለተኛውን ዓምድ ስሞላ ደግሞ እጄ ከበደኝ። የቱርክ ድራማ፦ ባለቤቴ። የፍቅር ልብ ወለድ፦ እህቴ። ትረካ፦ የአክስቴ ልጅ፣ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው። የህንድ ፊልም፦ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ። ዝርዝሩ ሴቶች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ረዳቶች፣ ጎረምሶች ነበሩ። ሥራዎቹን አላየኋቸውም። ስለዚህ ልንቃቸው አልችልም ነበር። የናቅኩት የሚወዷቸውን ሰዎች ነው። ይህን ወረቀት እስካሁን መዝገቤ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ሳትቸኩሉ ሥሩት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይቀላል።

የምታከብሩትን መጽሐፍ ገልብጣችሁ እዩት

ቀጥሎ የምታከብሩትን ልብ ወለድ ውሰዱ። የደራሲውን ስም ሸፍኑ። ታሪኩን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ለሌላ ሰው ንገሩ። ስለ ቋንቋው ውበት፣ ስለ ፍልስፍናው አታንሱ። ሴራውን ብቻ።

እንሞክረው። አንዲት ልጅ አባቷን ይዛ ትሰደዳለች። መንገድ ላይ ማንም እንዳይደፍራት የወንድ ልብስ ትለብሳለች። መንታ ወንድሟ ውለታ ለመክፈል ሩቅ አገር ሄዷል። ንጉሥ ቤት ስትደርስ ወንድ መስላቸው የቤተ መንግሥቱ ልጅ ታፈቅራታለች። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር አንዷ «የየትኛው ቴሌቪዥን ድራማ ነው?» አለችኝ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። ዛሬ «ልብ ወለድ» የምንለው ቃል ራሱ ርዕሱ ላይ አለ። የአማርኛ ልብ ወለድ በፍቅርና በጀብዱ ነው የተጀመረው።

ሌላ። ደሃ የቤት አስተማሪ የባላባት ልጅ ያፈቅራል። አባትየው ትዕቢተኛ ነው። በድብቅ ይዋደዳሉ። መለያየት ይመጣል፣ ስደት ይመጣል፣ መጨረሻው ሞት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ባለቤቴ የምታየውን ድራማ ከዚህ አጥንት የሚለየው አገሩና ልብሱ ብቻ ነው።

ሌላ። አዲስ አበባ እጮኛ ያለው ጋዜጠኛ ለዘመቻ አሥመራ ይላካል። እዚያ አንዲት ቆንጆ ያፈቅራል። በዙሪያው ሰላዮች አሉ። ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ኦሮማይ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለ ኦሮማይ ስናወራ ድፍረቱን እናነሳለን። ልክ ነው። ግን ያን ሁሉ እውነት ተሸክሞ ወደ አንባቢው ያደረሰው የስለላና የፍቅር ታሪክ ነው። በዓሉ ያንን ቅርጽ አልናቀውም። ኦሮማይና ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተቆልፈው የነበሩት መጻሕፍት ወንድሞች ናቸው።

እርግጥ ሁሉም እኩል ነው እያልኩ አይደለም። የሐዲስን ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው በየመንገዱ አይገኝም። ግን ልዩነቱ ከዘርፉ እንደማይመጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን ሙከራ በሦስት መጽሐፍ ብታደርጉት ይበቃል።

ሃያሲ አትጠይቁ፣ ወዳጁን ጠይቁ

አሁን ከዝርዝራችሁ አንዱን ምረጡ። አንድ ብቻ። የትኛውን ሥራ እንደምትጀምሩ ከሚወደው ሰው ጠይቁ። «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንደዚያ ሲባል ሰው መከላከል ይጀምራል። «የቱ ጋ አለቀስሽ?» ወይም «ደግመህ ያየኸው የቱን ነው?» በሉ።

እኔ የጀመርኩት በቱርክ ድራማ ነው። ከሁሉ አብልጬ የምንቀው እሱን ነበርና። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የአገራችን የፊልም ባለሙያዎች ቅሬታ አሰምተው ነበር። የእነሱ ቅሬታ ስለ እንጀራቸው ነው፤ ይገባኛል። እኔ ግን ያ ሰበብ ሆነኝና ሳላይ ፈረድኩ። ቤቴ ውስጥ ድራማው ሲጀምር ተነስቼ ወደ ጓዳ እሄድ ነበር። ባለቤቴ ምንም አትልም። ድምፁን ትቀንሳለች። ያ ድምፅ መቀነሷ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ይህ ነው። አሥር ክፍል አያለሁ። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች አስተያየት አልሰጥም፤ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ እሷ እንዳትነሳ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከበዱኝ። ሰዎቹ ዝም ብለው ይተያያሉ። ሙዚቃው ይቀጥላል፣ እነሱ ይተያያሉ። «ለምንድን ነው እንዲህ የሚንቀራፈፈው?» አልኳት። «አንተ ፊታቸውን አታይም እንጂ እየተነጋገሩ ነው» አለችኝ። በኋላ ሳነብ ምክንያቱን አወቅኩ። ቱርክ አገር አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በየሳምንቱ ያን ያህል ሰዓት መሙላት አለባቸው። ወደ ውጭ ሲሸጥ ነው በአጭር በአጭሩ የሚቆራረጠው። ስለዚህ ዝምታውና መተያየቱ የአሠራሩ ልጅ ነው። ተዋናዮቹም ያንን ዝምታ በዓይን መሙላት ተምረዋል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ዓይናቸውን ማየት ጀመርኩ። ባለቤቴ ያለ አስተማሪ አይታው ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ አማርኛው ነው። አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ወደዚያ ይሄዳል። «አልነገርኩሽም» የሚለውን ቃል አስቡት። ማን እንደተናገረ፣ ለማን፣ አዎንታ ይሁን አሉታ፣ ሁሉም አንድ ቃል ውስጥ ነው። የተዋናይዋ አፍ ግን ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ተርጓሚው የቀረውን እንቅስቃሴ በምን ይሙላው? «እኮ»፣ «እንዴ»፣ «ደግሞ» ይገባሉ። የት እንደሚገቡ ልብ ብላችሁ ስሙ። የአማርኛን ጣዕም ሳይነኩ ማስገባት ሙያ ነው። ከዚያ ደግሞ «እርስዎ» እና «አንቺ» አለ። ሰውየው ሴትዮዋን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ሲላት ባለቤቴ ስኒዋን አስቀምጣ ወደኔ ዞረች። «ሰማህ?» አለችኝ። ሰምቼ ነበር። አንድ ተውላጠ ስም ሁለት ሰዎችን እንዴት እንደሚያቀራርብ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ላስረዳ የሞከርኩት ነገር ነው።

አሥሩ ክፍል ሲያልቅ ሃያ አየን። ሌሎች ሁለት ድራማዎች ደግሞ ሞክሬ ተውኩ። ተውኩ ስል በደንብ አይቼ ነው።

የሰማችሁትን እንዳነበባችሁ ቁጠሩት

ተማሪዎቼ «ጋሼ፣ አላነበብኩትም፣ በትረካ ነው የሰማሁት» ሲሉኝ አንገታቸውን ይደፋሉ። ማን እንዳስደፋቸው አውቃለሁ። አሁን ሲሉኝ የማነሳላቸው ወጋየሁ ንጋቱን ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው እሱ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ግን ማንበብ የማይችል፣ መጽሐፉን መግዛት የማይችል፣ ስንት ሰው ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ያወቀው በዚያ ድምፅ ነው። አባቴ አንዱ ነው። ፊደል አልቆጠረም። ጉዱ ካሣን ግን እንደ ጎረቤት ያውቀው ነበር፤ «ጉዱ ካሣ እንዳለው» እያለ ይጠቅሰው ነበር። አባቴ ያንን መጽሐፍ አላነበበም የሚል ሰው ካለ እከራከረዋለሁ።

የሬዲዮ ድራማም እንደዚሁ። «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ተላልፏል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ ነበር። እኔ ያኔ «ማስታወቂያ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። እናቴና ጎረቤቶቿ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ሥራቸውን አስቀምጠው ይሰበሰቡ ነበር። ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ይከራከራሉ። ባልና ሚስት ፊት ለፊት የማያወሩትን ነገር፣ በገጸ ባሕርያቱ ስም ያወሩት ነበር።

የአክስቴ ልጅ ጅዳ ሆና ልብስ ስትተኩስ በጆሮ ማዳመጫ ትረካ ትሰማለች። «ካልሰማሁ አማርኛዬ የሚጠፋ ይመስለኛል» አለችኝ። በዓመት ከኔ የሚበልጥ ልብ ወለድ ታዳምጣለች። ስንደዋወል አሁን ስለ መጽሐፍ ነው የምናወራው።

አሰማሙን በተመለከተ፣ ፍጥነቱን አትጨምሩ። ተራኪው የሚያርፍበት ቦታ የንባቡ አካል ነው። እጃችሁ ሥራ ቢይዝ ችግር የለውም፤ ምስር እየለቀማችሁ፣ እየተኮሳችሁ ስሙ። አእምሯችሁ ግን ሌላ ሥራ አይያዝ። አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ አቁሙና ለቅርብ ሰው ንገሩት። ድሮም ተረት እንዲህ ነው የተሻገረው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሰሚው በተራው ተናጋሪ ይሆናል።

ስለ ካርቱን መጽሐፍ አጭር ነገር ልበል። አንዱ ተማሪዬ የጃፓን ካርቱን እያየ በደብተሩ ጀርባ ይስላል። ደብተሩ ሊነጠቅ ሲል ደረስኩ። 44 ክፍል ያለውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል አስታወስኩ። በሸራ ተስሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተነበበ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ ያለው። ያ ምንድን ነው ታዲያ? ልጁ አሁን የአካባቢውን ተረቶች በሥዕል እየሠራ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል።

ልብ ሰቀላን ራሳችሁ ሞክሩት

ክፍል ውስጥ «ልብ ሰቀላ» ብለን የምናስተምረው ነገር አለ። ሁላችሁም ተምራችኋል። ፈተና ላይ ትርጉሙን ጽፋችኋል። ግን ሠርታችሁት ታውቃላችሁ?

አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ውሰዱ። የየምዕራፉን የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ አንብቡ። ደራሲው ምን ነገራችሁ፣ ምን ደበቃችሁ? የደበቀውን ነገር ቀደም ሲል የት ጠቆመው? አብዛኛውን ጊዜ ጠቋሚው ነገር ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ነበር። ለምሳሌ በር ላይ የተቀመጠ ጫማ፣ ሳይጠጣ የቀዘቀዘ ሻይ።

ከዚያ ራሳችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። እኔ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ቀላል ይመስለኝ ነበር። ለተማሪዎች ሳነብላቸው ሌባውን በሦስተኛው መስመር ላይ አወቁት። ያኔ ነው ለእነዚያ ደራሲዎች ባርኔጣዬን ያነሳሁት። 200 ገጽ ሙሉ አንባቢን ሳይለቁ መያዝ የሙያ ብቃት ነው።

አለመውደድ መብት ነው፤ ግን በማስረጃ

አንዳንድ ሰው ንቀትን ሲተው ሁሉንም ማሞገስ ይጀምራል። ይህም ሥራውን አለማክበር ነው። እኔ አሁንም የማልወዳቸው አሉ። ሴት ልጅን መጥለፍ ወይም መምታት እንደ ፍቅር ምልክት የሚያሳይ ታሪክ አልወድም፤ ለተማሪዎቼም ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። የጸሐፊው ስንፍና የሚታይበት፣ ችግሩ ሁሉ በድንገተኛ የመኪና አደጋ የሚፈታ ታሪክም ይሰለቸኛል።

መለኪያዬ ይህ ነው። አንድን ሥራ ከመንቀፌ በፊት ስለሱ ጥሩ የሆነ ነገር ሦስት ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ። ሥራውን የሚወድ ሰው ሰምቶ «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ሊለኝ ይገባል። ካላለኝ ገና አልገባኝም፤ ተመልሼ አያለሁ። ካለኝ በኋላ የምነቅፈውን ሁሉ ጆሮ ሰጥቶ ይሰማኛል። የፍቅር ልብ ወለድን በፍቅር ልብ ወለድነቱ ለኩት። ፍልስፍና ፍለጋ ሄዳችሁ አጣሁ አትበሉ።

ቃላችሁንም ጠብቁ። «ተራ»፣ «የሴቶች»፣ «ጊዜ መግደያ» የሚሉትን ለአንድ ወር አትጠቀሙባቸው። በምትካቸው «አሰልችቶኛል»፣ «መጨረሻው አላሳመነኝም»፣ «ገጸ ባሕርይዋ ሳትለወጥ አለቀ» በሉ። እነዚህ መልስ ይሰጥባቸዋል። «ተራ ነው» ለሚል ሰው ግን ምን መልስ አለ? ዝም ነው የሚባለው። ድምፅ ነው የሚቀነሰው።

የብረቱ ቁም ሳጥን አሁን ጠመኔና መጥረጊያ ነው የሚቀመጥበት። መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ወጥተዋል። በጣም ስለሚነበቡ ቶሎ ይጎዳሉ። ጀርባቸውን በሙጫና በሻሽ እጠግናለሁ። ብዙዎቹ መጨረሻ ገጻቸው የለም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካላችሁ አትጣሉት። ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ፈልጉ፤ የጎደለውን በእጃችሁ ገልብጡና ቦታው ላይ በክር ስፉት። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ የአንድ የስለላ መጽሐፍ ስድስት ገጽ ጽፋ አመጣችልኝ። አክስቷ ዘንድ ያለውን ቅጂ ተውሳ ነው። ለመጠበቅ ብላ በላስቲክ ጠቅልላዋለች። እዚያው ቆማ እስክሰፋው ጠበቀችና መጀመሪያ የምትዋሰው እሷ እንደሆነች መዝገቡ ላይ አስጻፈችኝ።